መግባቱም መክፈሉም የማያሰጋ ኮሌጅ

አሜሪካ ውስጥ ለኮሌጅ የሚያመለክት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ትምህርት ቤቶቹን በሦስት ወገን ይከፍላቸዋል። አንደኛው ወገን ቢገባበት ደስ የሚለው፣ የመግባት ዕድሉ ግን ጠባብ የሆነው ነው። ሁለተኛው ከውጤቱ ጋር የሚመጣጠን፣ ሊቀበለውም ላይቀበለውም የሚችል ነው። ሦስተኛው «ሴፍቲ ስኩል» የሚባለው፣ ሌላው ሁሉ ባይሳካ እንኳ እንደሚቀበለው የሚተማመንበት መተማመኛ ኮሌጅ ነው። ካውንስለሮች ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ቢያንስ ሁለት ያዙ ይላሉ። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ጉድለቱ «መተማመኛ» የሚለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በመግቢያው ብቻ መሆኑ ነው። ተማሪው ተቀብሎት ቤተሰቡ ሊከፍለው ያልቻለው ኮሌጅ ግን መጀመሪያውኑ መተማመኛ አልነበረም።

ሙሉ መተማመኛ የሚባለው ኮሌጅ አራት ነገር ያሟላል። ተማሪውን እንደሚቀበለው ከሞላ ጎደል የተረጋገጠ ነው። ወጪውን ቤተሰቡ እስከ ምረቃ ድረስ ሊሸከመው ይችላል። የሚፈለገው የትምህርት ዘርፍ አለው፤ መኖሩ ብቻ ሳይሆን ተማሪው እዚያ ዘርፍ ውስጥ ይገባል። አራተኛው የሚረሳው ነው፦ ተማሪው የግድ ቢሆንበት ሳያዝን ሊማርበት ይችላል። ለስም ያህል ዝርዝር ውስጥ የተጨመረ፣ ማንም ሄዶ ያላየው ኮሌጅ በኤፕሪል ወር አይጠቅምም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ተምረው ያደጉ ወላጆች መግባትና መክፈል የተነጣጠሉ ነገሮች መሆናቸውን ለመረዳት ጊዜ ይወስድባቸዋል። የሚያውቁት አሠራር ሌላ ነው። ብሔራዊ ፈተናውን ያለፈ ተማሪ ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፣ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድበዋል፣ ወጪ መጋራቱን ይፈርማል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ደንብ መሠረት የተፈረመው ዕዳ የሚከፈለው ተመርቆ ሥራ ከተያዘ በኋላ ነው። እዚያ ጭንቀቱ ሁሉ ከፈተናው ላይ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ደርሶት መክፈል ስላቃተው የቀረ ጎረቤት አይታወቅም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለ ወላጅ ልጁ የቅበላ ደብዳቤ ሲደርሰው እልል የሚለውም በዚሁ ልማድ ነው። የአሜሪካው ደብዳቤ ግን የሚናገረው ስለ መግባት ብቻ ነው። የገንዘቡ ደብዳቤ ለብቻው፣ ብዙ ጊዜ ዘግየት ብሎ ይመጣል።

ስለዚህ የኮሌጆቹ ዝርዝር ከመሠራቱ በፊት አንድ ቁጥር መታወቅ አለበት፦ ቤተሰቡ በዓመት ስንት ሊከፍል ይችላል? ከደመወዝ፣ ከቁጠባ፣ ተማሪው በበጋ ሠርቶ ከሚያገኘው ተደምሮ ማለት ነው። ይህ ጥያቄ ሀበሻ ቤት ውስጥ በቀላሉ አይነሳም። «አንተ ብቻ ተማር፣ ስለ ገንዘቡ አታስብ» የሚለው የአባት ቃል ከፍቅር የሚወጣ ነው፤ ይሁንና ልጁ ቁጥሩን ሳያውቅ አሥር ኮሌጅ አመልክቶ፣ አምስቱ ተቀብለውት፣ አንዱንም መክፈል እንደማይቻል የሚነገረው በጸደይ ሲሆን ቃሉ ወደ ቅሬታ ይለወጣል። በአሥራ አንደኛ ክፍል ማብቂያ ላይ የሚደረግ ግልጽ ንግግር ያን ቅሬታ ያስቀራል።

ቁጥሩ ሲታወቅ ቀጥሎ የሚመጣው የኮሌጁ ዋጋ ነው። እያንዳንዱ ኮሌጅ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው በድረ ገጹ የተለጠፈው ሲሆን የትምህርት ክፍያን፣ ልዩ ልዩ ክፍያዎችን፣ ዶርምንና ምግብን፣ መጽሐፍን፣ መጓጓዣንና የኪስ ወጪን ያካትታል። ሁለተኛው የተጣራ ወጪ የሚባለው ነው፤ ከተለጠፈው ላይ የማይመለሱ ስጦታዎች፣ ማለትም ግራንትና ስኮላርሺፕ ብቻ ተቀንሰው የሚቀረው። የተለጠፈውን አይቶ መደንገጥም በእርዳታ ተስፋ ዓይንን መጨፈንም አይረዳም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የፌዴራል ሕግ የፌዴራል እርዳታ የሚቀበሉ ኮሌጆች በሙሉ የተጣራ ወጪ ማስያ በድረ ገጻቸው እንዲያስቀምጡ ያስገድዳል፤ ግዴታው ከ2011 መጸው ጀምሮ ይሠራል። ቤተሰቡ ገቢውን፣ ቁጠባውንና የልጁን ውጤት ሲያስገባ ግምቱን ያገኛል። ጥያቄው ጥቂት የሆነ ማስያ የሚሰጠው ግምት ሻካራ ነው፤ የታክስ ወረቀት ላይ ያሉ ቁጥሮችን እየጠቀሰ የሚጠይቀው ይሻላል። የራሳቸው ሥራ ላላቸውና ለተፋቱ ወላጆች ግን ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ፣ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የከፈተ ሰው ከዚህ ወገን ነው፤ ማስያው በሰጠው ግምት ላይ ጥቂት ሺህ ዶላር ጨምሮ ማሰብ ይኖርበታል።

የእርዳታው ሁሉ መነሻ ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል ማመልከቻ ነው። ማመልከት ነጻ ነው፤ በተለመደው ጊዜ በኦክቶበር 1 ይከፈታል። የቤተሰቡን ገቢና ንብረት አይቶ አንድ አመላካች ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን እርዳታው ይጨምራል፤ ከዜሮ በታች እስከ 1,500 ድረስም ሊወርድ ይችላል። ዋናው የፌዴራል ስጦታ ፔል ግራንት ሲሆን በ2025–26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው። ፋፍሳ የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት የተሠራውን ታክስ ነው፤ የ2026–27 ማመልከቻ የ2024ን ገቢ ያነባል። በመሐል ሥራ የተፈታበት፣ ሰዓት የተቀነሰበት ወይም የታመመ ወላጅ ማስረጃውን ይዞ ለኮሌጁ የእርዳታ ቢሮ ማመልከት ይችላል፤ ቢሮው ቁጥሩን የማሻሻል ሥልጣን አለው።

ቅጹ በአሜሪካ ኑሮ ልክ የተሰፋ ስለሆነ የሀበሻን ቤት አንዳንድ ነገር አያውቀውም። ዕቁብን እንውሰድ። ዕጣው በኦክቶበር የወጣለት አባወራ 30,000 ዶላር ባንክ ቢያስገባ ፋፍሳ የሚያየው 30,000 ዶላር ቁጠባ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለወራት የሚከፍለውን መዋጮ የሚጽፍበት መስመር የለም። ቅጹ የሚጠይቀው በሚሞላበት ዕለት ባንክ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ነውና። ጉዳቱ ግን ሰው እንደሚፈራው አይደለም፤ የወላጅ ቁጠባ ቢበዛ በዶላር ከ6 ሳንቲም በታች ነው የሚቆጠረው፣ የተጠቀሰው ገንዘብ አመላካቹን ከፍ የሚያደርገው ቢበዛ በ1,700 ዶላር ገደማ ነው። ያው ገንዘብ በልጁ ስም ቢቀመጥ ግን በዶላር 20 ሳንቲም ይቆጠራል። «ለልጄ ይሁን» ተብሎ በስሙ የተከፈተ አካውንት ያልታሰበ ውጤት አለው ማለት ነው።

ቤትም እንዲሁ ነው። ቤተሰቡ የሚኖርበት ቤት በፋፍሳ አይቆጠርም። አዲስ አበባ ሲኤምሲ አካባቢ ተሠርቶ የተከራየ ቤት ግን ከዕዳው ተርፎ የሚቀረው ዋጋው እንደ ሌላ ንብረት ይቆጠራል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ መሆኑ አያስቀረውም። ለእናት በየወሩ የሚላከው ገንዘብ ደግሞ አይቀነስም። ቅጹ የቤተሰብ አባል ብሎ የሚቆጥረው ከወላጆቹ ጋር አብሮ የሚኖረውንና ከግማሽ በላይ መተዳደሪያውን ከእነሱ የሚያገኘውን ነው፤ ጎንደር ያለች አያት በየወሩ ብትረዳም ቁጥር ውስጥ አትገባም። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ብዙ ቤተሰቦች ንብረታቸውን እንዲያስመዘግቡ ጨርሶ አይጠየቁም። ለቀሩት ግን ማስያው ፊት ሲቀመጡ እነዚህን ሁሉ በእውነተኛ ቁጥራቸው ማስገባት ይበጃል፤ ያልተሟላ መረጃ የሚያወጣው ወጪ የውሸት መተማመኛ ነው።

ሁለት መቶ ያህል ኮሌጆች፣ አብዛኞቹ የግል፣ ከፋፍሳ ሌላ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የተባለውን የኮሌጅ ቦርድ ቅጽ ያስሞላሉ። ይህኛው ጠለቅ ብሎ ይጠይቃል። ብዙዎቹ ኮሌጆች የሚኖሩበትንም ቤት ዋጋ ያያሉ፤ የተፋታና አብሮ የማይኖር ወላጅም ገቢውን እንዲያሳይ የሚጠይቁ አሉ። ያ ወላጅ የት እንዳለ የማይታወቅ ወይም ወረቀት ለመስጠት የማይፈቅድ ከሆነ እንዲህ ያለውን ኮሌጅ መተማመኛ ማድረግ አይቻልም።

ብድር ዋጋን አይቀንስም፤ ያቆየዋል እንጂ። ሆኖም መጠነኛው የፌዴራል የተማሪ ብድር በስሌቱ ውስጥ ቦታ አለው። በወላጆቹ ሥር ያለ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 7,500 ዶላር መበደር ይችላል። በአራት ዓመት 27,000 ዶላር ይሆናል። ከዚህ በላይ ብድር የሚጠይቅ ኮሌጅ የሚመካው በወላጅ ብድር ወይም ዋስ በሚጠይቅ የግል ባንክ ብድር ነው። ፓረንት ፕላስ የተባለው የወላጅ ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ጣሪያ ተደርጎለታል፤ ቀድሞ እስከ ሙሉ ወጪው ድረስ መበደር ይቻል ነበር። ሃምሳ ዓመት የሞላው አባት በልጁ ኮሌጅ ምክንያት የሚገባበት ዕዳ ጡረታው ላይ የሚደርስ ነው። የፌዴራሉን የተማሪ ብድር ጣሪያ የሚያስጥስ ኮሌጅ በየትኛውም መለኪያ መተማመኛ ሊባል አይገባውም።

አሁን ወደ መግቢያው እንመለስ። የመቀበል ዕድል የሚገመተው የተማሪው ውጤት ባለፈው ዓመት ከገቡት ተማሪዎች ጋር ተነጻጽሮ ነው። ኮሌጆች «ኮመን ዳታ ሴት» በሚባል በየዓመቱ በሚያወጡት ሰነድ የገቡትን ተማሪዎች የውጤት ክልል ያሳያሉ። የተማሪው ውጤት ከገቡት የላይኛው ሩብ ውስጥ ከሆነና ኮሌጁ ከሚያመለክቱት አብዛኞቹን የሚቀበል ከሆነ ተስፋው ጠንካራ ነው። የኤስኤቲ ውጤትን በፈቃድ ያደረጉ ኮሌጆች የሚያወጡት የፈተና ክልል ግን ከፍ ብሎ ይታያል፤ ውጤታቸውን የላኩት ጥሩ ያመጡት ናቸውና። ከመቶ አመልካች አሥሩን ወይም አምስቱን የሚቀበል ትምህርት ቤት ለማንም ተማሪ መተማመኛ አይሆንም። ይህ ሐቅ አንድ እንቆቅልሽ የመሰለ ነገር ይወልዳል። ሃርቫርድ ከ2025–26 ጀምሮ ዓመታዊ ገቢያቸው 100,000 ዶላርና ከዚያ በታች ለሆነ፣ የተለመደ ንብረት ላላቸው ቤተሰቦች ወጪውን በሙሉ ይሸፍናል። ለብዙ የታክሲ ነጂ ልጆች ከሰፈራቸው ዩኒቨርሲቲ ይልቅ ሃርቫርድ ይረክሳል፤ ነገር ግን ከመቶ አመልካች አምስት እንኳ አያስገባም። እንዲህ ያሉት ኮሌጆች መሞከር ያለባቸው ናቸው፣ ሊተማመኑባቸው ግን አይገባም።

ከግምት የሚሻለው በሕግ ወይም በታወጀ ደንብ የተረጋገጠ ቅበላ ነው። ቴክሳስ በ1997 ባወጣችው ሕግ ከክፍላቸው የመጀመሪያዎቹ አሥር በመቶ ውስጥ የሆኑ የግዛቲቱ ተማሪዎች ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ቀጥታ ይገባሉ፤ ኦስቲን ያለው ዋናው ዩኒቨርሲቲ ብቻ ቦታ ስለጠበበው መስፈርቱን አጥብቧል፣ ለ2026 መጸው ገቢዎች አምስት በመቶ አድርሶታል። አይዳሆ ከ2015 ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቿ ሳያመለክቱ የቅበላ ደብዳቤ ትልካለች፤ ሚኒሶታም ተመሳሳይ ፕሮግራም አላት። ደብዳቤው በፖስታ መጥቶ ቤቱን ሲያስደስት አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፦ ስለ ዋጋ ምንም አይናገርም።

ስለ ትምህርት ዘርፍም ብዙ ጊዜ አይናገርም። ነርሲንግ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በሀበሻ ቤተሰብ ዘንድ ተፈላጊ ነውና። ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪውን ወደ ዩኒቨርሲቲው ያስገቡትና ነርሲንግ ለመግባት ግን ሁለት ዓመት መሠረታዊ ኮርሶችን ወስዶ እንደገና እንዲወዳደር ያደርጉታል። አናቶሚ ላይ ቢ ያገኘች ተማሪ በሩ ሊዘጋባት ይችላል፤ ያኔ ወይ ሌላ ዘርፍ ትይዛለች ወይ ሌላ ኮሌጅ ትፈልጋለች፣ ያለፈው ወጪም ባክኖ ይቀራል። ኮምፒውተር ሳይንስና ኢንጂነሪንግም በብዙ ቦታ እንዲህ ናቸው። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ትቀበሉኛላችሁ?» የሚል ብቻ ሳይሆን «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነርሲንግ ውስጥ ትቀበሉኛላችሁ?» የሚል ነው። አንዳንድ የግል ኮሌጆች ደግሞ ውጤቱ ከእነሱ በጣም የላቀን አመልካች «ይህስ አይመጣም» ብለው ይተዉታል። ኮሌጁን ያልጎበኘ፣ ኢሜይላቸውን ያልከፈተ፣ «ለምን እኛን መረጥክ?» ለሚለው ድርሰት ሁለት የግዴለሽ አንቀጽ የላከ ጎበዝ ተማሪ ከመተማመኛው የሚባረረው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ሁለቱንም ሚዛን የሚያልፉ ኮሌጆች የት ይገኛሉ? ለአብዛኛው ቤተሰብ መልሱ ቅርብ ነው፦ የራስ ግዛት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ያውም ስሙ ያልገነነው። የነዋሪ ክፍያ ከውጭ ግዛት ክፍያ በጣም ያንሳል፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነዋሪ ለመባል ቢያንስ የአሥራ ሁለት ወር ኑሮ ይጠይቃሉ፣ ከሌላ ግዛት የተዛወረ ቤተሰብ ቀኑን መቁጠር አለበት። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ጎበዝ ተማሪ እንኳ እርግጠኛ አይደለም። ታውሰን፣ ዩኤምቢሲ፣ ሞርጋን ስቴትና ቦዊ ስቴት ግን እንደ ተማሪው ውጤት መተማመኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፌርፋክስ ያለው ጆርጅ ሜሰን ከሚያመለክቱት አብዛኞቹን የሚቀበል ትልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ብዙ ተማሪዎቹ ከቤታቸው ይመላለሳሉ። ከቤት መመላለስ ትልቁ ቁጠባ ነው፤ ዶርምና ምግብ በብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከትምህርት ክፍያው የማይተናነስ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ወጪ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ የራሷ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቢኖራትም ምርጫው ጠባብ ስለሆነ ኮንግረስ በ1999 ባወጣው ሕግ የከተማዋ ልጆች በሌሎች ግዛቶች የመንግሥት ኮሌጆች ሲማሩ በነዋሪና በውጭ ሰው ክፍያ መካከል ያለውን ልዩነት እስከ ጣሪያ ድረስ የሚሸፍን ድጎማ አግኝተዋል።

ግዛቶች የሚሰጡት የነጻ ትምህርት ተስፋም ይለያያል። ጆርጂያ ከ1993 ጀምሮ በሎተሪ ገቢዋ ሆፕ የሚባለውን ስኮላርሺፕ ትሰጣለች፤ አትላንታ ያደገ፣ ጂፒኤው 3.0 የሆነ ተማሪ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፣ ኮሌጅ ውስጥም 3.0ን መጠበቅ አለበት። ሚኒሶታ ከ2024 መጸው ጀምሮ የቤተሰብ ገቢያቸው ከ80,000 ዶላር በታች ለሆኑ ተማሪዎች በመንግሥት ኮሌጆቿ የትምህርት ክፍያን አስቀርታለች። ሁለቱም የሚሸፍኑት የትምህርት ክፍያን ነው፤ ዶርሙና ምግቡ ለብቻው ይታሰባል።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን እንደ ውርደት የሚያይ ወላጅ ጥቂት አይደለም። «የሰው ልጅ ስታንፎርድ ገባ፣ የእኔ ኖቫ?» ይባላል። ኖቫ፣ ማለትም ሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ አሌክሳንድሪያና አናንዴል ባሉት ግቢዎቹ ብዙ የሀበሻ ልጆችን አስተምሯል፤ ሞንትጎመሪ ኮሌጅም ታኮማ ፓርክ፣ ሮክቪልና ጀርመንታውን ላይ እንዲሁ። ውጤት ሳይመርጡ ይቀበላሉ፤ ክፍያቸው ከዩኒቨርሲቲው በእጅጉ ያነሰ ነው። ዋናው ነገር ግን ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገሪያው በጽሑፍ መኖሩ ነው። ኖቫና ጆርጅ ሜሰን ከ2018 ጀምሮ «አድቫንስ» የሚባል የጋራ ፕሮግራም አላቸው፤ ተማሪው ገና ኖቫ ሲገባ የሜሰንን የኮርስ ዝርዝር ይይዛል፣ መስፈርቱን ካሟላ አዲስ ማመልከቻ ሳይሞላ ይሻገራል። እንዲህ ያለ ስምምነት በሌለበት ደግሞ የተወሰደ ኮርስ ሳይቆጠር ቀርቶ አንድ ሴሚስተር ሊያስጨምር ይችላል። ዲግሪው ላይ የሚጻፈው የተመረቁበት ዩኒቨርሲቲ ስም ብቻ መሆኑን የሚያውቅ ወላጅ ሰፈሩ ስለሚለው ብዙም አይጨነቅም።

ከግዛት ውጭ መውጣት የሚፈልግ ተማሪም መንገድ አለው። አንዳንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይ በደቡቡ፣ በጂፒኤና በፈተና ውጤት ብቻ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ በሰንጠረዥ አስቀምጠው ያወጣሉ፤ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ በዚህ የታወቀ ነው። ተማሪው ሰንጠረዡ ላይ ራሱን ካገኘ ስኮላርሺፑ የእሱ ነው፤ የኮሚቴ ውሳኔ አያስፈልግም። የምዕራብ ግዛቶች ደግሞ ዉዊ (WUE) በሚባለው የልውውጥ ስምምነታቸው የጎረቤት ግዛት ተማሪን ከነዋሪው ክፍያ ከአንድ ተኩል እጥፍ የማይበልጥ ያስከፍላሉ። እዚህም ላይ ማየት የሚገባው ዓመቱ ነው፤ ሰንጠረዡ በየዓመቱ ይቀየራል፣ የቀድሞ ጎረቤት ልጅ ያገኘው ዘንድሮ ላይኖር ይችላል።

ከስኮላርሺፕ ጋር የሚመጣው ማሰሪያ ከገንዘቡ እኩል መታየት አለበት። ለአራት ዓመት የሚቀጥል ነው ወይስ ለአንድ? ስንት ጂፒኤ መጠበቅ ይጠይቃል? በ3.0 የሚቆይ ስኮላርሺፕ የተረጋጋ ነው፤ 3.5 የሚጠይቅ ግን ኢንጂነሪንግ ለሚማር ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሊጠፋ ይችላል። የትምህርት ክፍያ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ስኮላርሺፑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆማል። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ ወይም ከማኅበር የተገኘ የውጭ ስኮላርሺፕም አንዳንድ ኮሌጅ ዘንድ ከራሱ እርዳታ ላይ ይቀነሳል። ሜሪላንድ በ2017 ለመንግሥት ኮሌጆቿ ይህን ልማድ በሕግ የገደበች የመጀመሪያዋ ግዛት ናት።

የእርዳታ ደብዳቤዎቹ ሲመጡ ማንበብ ራሱ ሙያ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የሂሳብ ተጠሪ መሥሪያ ቤት በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከኮሌጆች 91 በመቶ የሚሆኑት በደብዳቤያቸው ላይ የተጣራውን ወጪ አይጽፉም ወይም አሳንሰው ይጽፋሉ ብሏል። ነገሩን በምሳሌ ቁጥር ማየት ይቻላል። ሩቅ ያለ የግል ኮሌጅ ጠቅላላ ወጪው 62,000 ዶላር ነው እንበል። ደብዳቤው «የ41,000 ዶላር እርዳታ ተሰጥቶሃል» ብሎ ይጀምራል፤ የሚቀረው 21,000 ብቻ ይመስላል። እርዳታው ሲፈታ ግን 18,000ው ስጦታ፣ 5,500ው የተማሪ ብድር፣ 2,500ው ወርክ ስተዲ፣ 15,000ው የወላጅ ብድር ነው። ወርክ ስተዲ ማለት ተማሪው ግቢ ውስጥ ተቀጥሮ በሰዓት እየሠራ የሚያገኘው ደመወዝ ነው፤ በኦገስት ሂሳቡ ሲመጣ እጅ ላይ የለም። የተጣራው ወጪ 44,000 ዶላር ነው፣ በአራት ዓመት 176,000።

አጠገቡ የተቀመጠው የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ደግሞ ደረቅ ነው፤ እንኳን ደስ ያለህ የሚል ባለቀለም ወረቀትም የለውም። ከቤት ለሚመላለስ ተማሪ ክፍያው 14,500፣ መጽሐፉ 1,200፣ መጓጓዣው 3,000፣ በጠቅላላው 18,700 ዶላር ነው እንበል። ፔልና የግዛቱ ግራንት 10,000 ይሸፍናሉ። የሚቀረው 8,700፣ በአራት ዓመት 34,800 ነው። ተማሪው የፌዴራል ብድሩን በሙሉ ቢወስድ እንኳ ቤተሰቡ የሚያዋጣው በዓመት ወደ 1,950 ዶላር ይሆናል፤ ይህን ልጁ በበጋ ሠርቶ ሊያመጣው ይችላል። «41,000 ሰጡን፣ እነዚያ ግን 10,000 ብቻ» የሚለው ንጽጽር ስንት ቤት ውስጥ ስህተት እንዳሠራ መገመት አያዳግትም።

የተማሪው የመኖሪያ ፈቃድ ሁኔታም ዝርዝሩን ይቀይራል። ዜጎች፣ ግሪን ካርድ ያላቸው፣ ስደተኛነታቸው ወይም ጥገኝነታቸው የጸደቀላቸው ተማሪዎች የፌዴራል እርዳታ ያገኛሉ። ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠብቁና በቲፒኤስ፣ ማለትም በጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ ብቻ የሚኖሩ ግን አያገኙም። ወላጆቹ ወረቀት ባይኖራቸውም ልጁ ዜጋ ከሆነ እሱ ይገባዋል። ፌዴራሉ ለማይሸፍናቸው ተማሪዎች የነዋሪ ክፍያና የራሳቸውን ግራንት የሚፈቅዱ ግዛቶች አሉ፤ ማመልከቻውም ከፋፍሳ የተለየ ነው። ሕጎቹ በቅርብ ዓመታት በፍርድ ቤት ክርክር እየተነሱ ስለሆነ የዘንድሮውን ደንብ ከኮሌጁ የእርዳታ ቢሮ በጽሑፍ ማግኘት ይመረጣል።

ርካሽ ሆኖ ተማሪውን የማያስመርቅ ኮሌጅም አለ። ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባለው የፌዴራል ድረ ገጽ የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት የምረቃ መጠን፣ በገቢ ደረጃ የተከፋፈለ አማካይ የተጣራ ወጪና የተመራቂዎቹን ገቢ ያሳያል። በአራት ዓመት ማለቅ ያለበት ትምህርት ስድስት ዓመት ከፈጀ ርካሹ ይወደዳል።

የቀረው የቀን ጉዳይ ነው። አመልካቾችን በደረሱበት ጊዜ እያየ መልስ የሚሰጥ ኮሌጅ ጥሩ መተማመኛ ነው፤ በሴፕቴምበር ያመለከተ ተማሪ ከምስጋና ቀን በፊት መልስ ይዞ ሌላውን ማመልከቻ በሰከነ ልብ ይሞላል። የማመልከቻ ክፍያ የከበደው ተማሪ ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ከክፍያው ነጻ እንዲደረግ መጠየቅ ይችላል። «ኧርሊ ዲሲዥን» የሚባለው ግን ከተቀበሉ ለመግባት መፈረም ስለሆነ ዋጋ አነጻጽሮ ለመምረጥ አይፈቅድም፤ እርዳታው በእርግጥ ካልበቃ ብቻ መውጣት ይቻላል። የግዛት ግራንቶች የራሳቸው ቀነ ገደብ አላቸው፤ በብዙ ቦታ ከክረምቱ መጨረሻ ወይም ከጸደይ መጀመሪያ አያልፍም፣ ያለፈበት ተማሪ የሚገባውን ገንዘብ ያጣል። የብዙ ኮሌጆች የውሳኔ ቀን ሜይ 1 ነው። በዚያ ቀን እጁ ላይ ሊከፈል የሚችል ኮሌጅ ያልያዘ ተማሪም ሁሉም አልተዘጋበትም፤ የኮሌጅ ካውንስለሮች ብሔራዊ ማኅበር በየዓመቱ ሜይ ውስጥ ገና ቦታ ያላቸውን ኮሌጆች ዝርዝር ያወጣል፣ የገንዘብ እርዳታ እንዳላቸውና እንደሌላቸውም እዚያው ይገልጻል።